«ዓይን አፋር ነው» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ስፒች ቴራፒና ስለ ኦዲዮሎጂ ሙያ

በየቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ክፍል ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም። ሌሎቹ ተሰልፈው የቃል ጥቅሳቸውን ሲሉ እርሱ ዳር ይዞ ይቆማል። ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ ወይም ይዞርና ዝም ይላል፤ ወይም የመጀመሪያው ድምፅ አፉ ውስጥ ተይዞ ይቀርበታል። አስተማሪዋ «ዓይን አፋር ነው» ትላለች። አያቱ «አባቱም እኮ አራት ዓመት እስኪሞላው አልተናገረም፤ ግድ የላችሁም» ይላሉ። አንዱ ወገን «ሁለት ቋንቋ ስለ ደባለቃችሁበት ነው» ብሎ ይመክራል። ሌላው «እንጸልይለት» ይላል። መጸለዩ መልካም ነው። ነገር ግን ዓይኑ የደከመ ልጅ መነጽር ከማድረግ ጸሎት እንዳልከለከለው ሁሉ፣ የዚህን ልጅ ጆሮ ከማስመርመርም የሚከለክለን የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ከላይ የገለጽሁት አንድ ልጅ አይደለም፤ ሦስት የተለያዩ ልጆች ናቸው። ሲጠሩት የማይዞረው ምናልባት አይሰማ ይሆናል። የሚዞረው ግን የማይናገረው የቋንቋ መዘግየት ሊኖርበት ይችላል። ቃሉ አፉ ላይ የሚያዝበት ደግሞ ቋንቋውን አሳምሮ ያውቃል፣ የሚቸግረው ማውጣቱ ነው። ሦስቱንም «ዓይን አፋር» ብለን ካለፍናቸው፣ ሦስት የተለያየ እርዳታ የሚሹ ልጆችን በአንድ ቃል ሸፈንን ማለት ነው። እነዚህን መለየትና መርዳት ሥራቸው የሆነ ሁለት ሙያዎች አሉ። በመካከላችን ስለ ሐኪም፣ ስለ ነርስና ስለ ፋርማሲስት የማያውቅ የለም፤ ስለ እነዚህ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ሁለት ሙያ፣ አንድ ቤት

የመጀመሪያው የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ነው፤ በተለምዶ ስፒች ቴራፒ የምንለው። ባለሙያው በአሜሪካ ስፒች ላንጉጅ ፓቶሎጂስት፣ በእንግሊዝ ስፒች ኤንድ ላንጉጅ ቴራፒስት፣ በስዊድን ሎጎፔድ ይባላል። ሁለተኛው ኦዲዮሎጂ ነው፤ ኦዲዮሎጂስት መስማትንና ከጆሮ ጋር የተያያዘ ሚዛንን የሚመረምር፣ የመስሚያ መሣሪያ መርጦ የሚያስተካክል ባለሙያ ነው። ጆሮን በቀዶ ሕክምና የሚያክመው የአንገት በላይ ሐኪም ሌላ ነው፤ ሁለቱን አናምታታ። በእስራኤል ያላችሁ «ክሊናኢት ቲክሾሬት» ስትባል የሰማችኋት ባለሙያ ሁለቱንም በአንድ ሥልጠና የተማረች ናት። በአሜሪካ ግን ትምህርቱም ፈቃዱም የተለያየ ነው።

የተለያዩበት ምክንያት በታሪካቸው ውስጥ ይገኛል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ሁለቱንም ሙያዎች ያቀፈውና በአጭሩ አሻ የሚባለው የአሜሪካ ማኅበር በ1925 ሲመሠረት፣ ስሙ ስለ ንግግር ማረም ብቻ የሚናገር ነበር፤ መስማት በስሙ ውስጥ አልነበረም። ኦዲዮሎጂን ራሱን የቻለ ሙያ ያደረገው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ከመድፍና ከቦምብ ጩኸት ጆሯቸው ተጎድቶ የተመለሱ ወታደሮች ብዙ ስለ ነበሩ፣ የአሜሪካ ጦር ለእነርሱ ብቻ የተዘጋጁ ሆስፒታሎችን አቋቋመ። ከእነዚህ በአንዱ፣ በፔንሲልቬኒያ በሚገኘው በዴሾን ሆስፒታል ያገለገለው ሬይመንድ ካርሃርት ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ ትምህርቱን አስፋፋ። ብዙዎች የኦዲዮሎጂ አባት ይሉታል።

ጆሮ አስቀድሞ

አንድ ልጅ አልናገር ሲል ምላሱን ከማየት በፊት ጆሮው መታየት አለበት። ይህ የሁለቱም ሙያዎች የመጀመሪያ ደንብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያልሰማውን ማን ይናገራል?

ከ1000 ሕፃናት ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት ሲወለዱ ጀምሮ የመስማት ችግር አለባቸው። በአሜሪካ ሕፃኑ ከሆስፒታል ሳይወጣ ጆሮው የሚመረመረው ለዚህ ነው። ምርመራው አያምም። በአንደኛው ዓይነት ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ላይ ተደርጎ ድምፅ ይላካል። ጤነኛ የውስጥ ጆሮ ለዚያ ድምፅ በጣም ደካማ የሆነ የገደል ማሚቶ የመሰለ መልስ ይሰጣል፤ መሣሪያው ያን ይይዛል። በሌላው ዓይነት ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ በራሱ ላይ በሚለጠፉ ነገሮች አማካይነት ድምፁ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል መድረሱ ይለካል። ባለሙያዎቹ የሚከተሉት ልክ አንድ፣ ሦስት፣ ስድስት ይባላል፤ በአንድ ወር ውስጥ ምርመራ፣ በሦስት ወር ውስጥ የችግሩ መታወቅ፣ በስድስት ወር ውስጥ እርዳታ መጀመር። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ወላጆች የመጀመሪያውን ምርመራ ያላለፈ ልጃቸውን ለድጋሚ ምርመራ አያመጡም። «ውኃ ገብቶበት ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነትም ቀላል ነገር ይሆናል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

የተወለደ ዕለት ምርመራውን ያለፈ ልጅም በኋላ መስማቱን ሊያጣ ይችላል። የማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ በየጊዜው የሚመግል ጆሮ፣ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንዳንድ ኃይለኛ መድኃኒቶች፣ ከዘር የሚወረስ ሁኔታ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በልጆች ላይ ከሚታየው የመስማት ችግር ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው መከላከል በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው። ይህ ቁጥር በተለይ አገር ቤት ያላችሁትን ይመለከታል። ከልጁ ጆሮ መግል ሲወጣ «ሲያድግ ይተወዋል» ማለት የልጁን ትምህርት ሊያስከፍል ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስተን ደግሞ ይህ ነው፦ «ይሰማል እንጂ! በር ሲንኳኳ ይዞራል» እንላለን። በር መንኳኳት ወፍራም ድምፅ ነው። መስማት ግን አለ ወይም የለም ተብሎ የሚከፈል ነገር አይደለም። አንድ ልጅ ወፍራሙን ድምፅ ሰምቶ፣ እንደ ስ፣ ሽ፣ ፍ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ላይሰማ ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ሰው እየተናገረ መሆኑን ያውቃል፤ የተባለው ግን ግማሽ በግማሽ ሆኖ ይደርሰዋል። ከዚያ «አይታዘዝም»፣ «ትኩረት የለውም» ይባላል፤ አንዳንዴም ይገረፋል። ኦዲዮሎጂስት በጸጥታ ክፍል ውስጥ ከወፍራም እስከ ቀጭን እያንዳንዱን ድምፅ በየመጠኑ አሰምቶ ውጤቱን ኦዲዮግራም በሚባል ሠንጠረዥ ላይ ያሰፍራል። ጭንቅላት መነቅነቅ ለማይችል ሕፃንም ምርመራው አለ፤ ስለዚህ «ገና ሕፃን ነው» የሚለው ምክንያት አይሠራም።

የመስሚያ መሣሪያ ድምፅን ያጎላል። እርሱ የማይበቃው ሲሆን ኮክሊያር ኢምፕላንት አለ፤ በቀዶ ሕክምና ውስጥ ጆሮ ገብቶ ነርቩን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ መሣሪያ ነው፤ በአሜሪካ ለአዋቂዎች የተፈቀደው በ1984 ነው። ሁለቱም መነጽር እንደ ማድረግ ወዲያው የሚያቃኑ አይደሉም፤ አንጎል መስማትን እንዲማር ወራትና ዓመታት የስፒች ቴራፒ ያስፈልጋል። ለእነዚህ አቅም በሌለበት፣ ወይም ቤተሰቡ ሌላ መንገድ በመረጠ ጊዜ፣ የምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በሆሳዕና መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አላት። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ በመሣሪያውና በምልክት ቋንቋ መካከል ሲከራከሩ ልጁ አንዱንም ሳይዝ አምስት ዓመት ከሚሞላው፣ ፈጥኖ አንዱን፣ ቢቻል ሁለቱን መጀመር ይሻላል። ልጅ ያለ ቋንቋ መቆየት የለበትም።

«አማርኛውን ተዉት» ቢሏችሁ

በውጭ አገር ያላችሁ ወላጆች ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ልጃችሁ በንግግር ሲዘገይ «ግራ ስለ ተጋባ ነው፤ በቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» የሚል ምክር ከጎረቤት፣ ከመምህር፣ አንዳንዴም ከሐኪም ትሰሙ ይሆናል። ምክሩ በቅንነት ቢሰጥም ስሕተት ነው። ሁለት ቋንቋ መስማት የቋንቋ ችግር አያመጣም። እውነተኛ የቋንቋ ችግር ያለበት ልጅ ችግሩ በሁለቱም ቋንቋ ይታያል፤ አንዱን በመተው አይድንም። በምትኩ የሚሆነው ሌላ ነው። እናት በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ካም»፣ «ኢት»፣ «ኖ» እያለች ታሳድገዋለች፤ ተረቱ፣ ቀልዱ፣ ማባበሉ፣ ተግሣጹ ሁሉ ይቀራል። ልጁ ያገኝ የነበረው ሀብታም ቋንቋ ወደ ድሀ ቋንቋ ተለወጠበት ማለት ነው። አያቱም ከአዲስ አበባ ስትደውል የሚያናግራት አያገኝም።

ከዚህ ጋር ማወቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር አለ። አማርኛ የማያውቅ ባለሙያ የእኛን ልጅ ሲመረምር ሊሳሳትባቸው የሚችሉ ቦታዎች አሉ። ጠ፣ ቀ፣ ጨ የሚሉት ፈንጂ ድምፆቻችን በእንግሊዝኛ የሉም፤ ልጁ ሲያወጣቸው እንግዳ ሊመስሉ ይችላሉ። በተቃራኒው በእንግሊዝኛ ምላስ በጥርስ መካከል ወጥቶ የሚነገረው ድምፅ በአማርኛ ስለሌለ፣ ልጁ «ዚስ» ቢል ይህ የቋንቋው ጠባይ እንጂ በሽታ አይደለም። መጥበቅና መላላትም አለ፤ «ገና» ላልቶ ሲነገርና ጠብቆ ሲነገር ሁለት ቃል መሆኑን እኛ ሳንማር እናውቃለን፣ ሌላው ግን ልዩነቱን አይሰማውም።

ዋናው ግን የቃል ቆጠራው ነው። በሁለት ዓመት አካባቢ ልጁ ሁለት ቃላት ማጣመር መጀመሩ ይጠየቃል። በአማርኛ «ስጠኝ» አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ሁለት ነው። «አልነገርኩትም» የሚል ልጅ በአንድ ቃል ውስጥ ማን እንዳልነገረ፣ ለማን እንዳልነገረ፣ አለመደረጉንም ጨምሮ ተናግሯል። በጣት ቆጥሮ «አንድ ቃል ብቻ ይናገራል» የሚል ሰው ልጁን በድሎታል። እንዲሁም «ውኃ» በአማርኛ፣ «ቦል» በእንግሊዝኛ የሚል ልጅ ቃላቱ ከሁለቱም ተደምረው ነው የሚቆጠሩት።

የአሜሪካ ሕግም ከእናንተ ጋር ነው። በ1975 የጀመረውና ዛሬ አይዲያ የሚባለው ሕግ፣ በግልጽ የማይቻል ካልሆነ በቀር ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲመረመር ያዝዛል። ስለዚህ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የስምንት ዓመት እኅቱን አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጁ ሦስት ዓመት ካልሞላው በየስቴቱ «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» የሚባለውን ክፍል ራሳችሁ መጥራት ትችላላችሁ፤ የሐኪም ደብዳቤ አያስፈልግም። ሦስት ዓመት ከሞላው ደግሞ ገና ትምህርት ቤት ባይገባም፣ የሰፈራችሁን የሕዝብ ትምህርት ቤት ምርመራ እንዲያደርግለት በጽሑፍ ጠይቁ።

ስለሚንተባተቡ ልጆች

ከ100 ልጆች አምስት ያህሉ በአንድ ወቅት ይንተባተባሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ አብዛኞቹ ይተዋቸዋል። ከአዋቂዎች ወደ አንድ በመቶ የሚሆኑት ጋር ይቆያል። በዘር የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ደንግጦ ስለ ነበር፣ ወላጆቹ ስላጠፉ፣ ወይም ስለማያስብ የሚመጣ አይደለም።

በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ የሚያሳፍር ምዕራፍ አለ። በ1939 በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ባሉ ልጆች ላይ ሙከራ አደረጉ። ያለ ችግር የሚናገሩ ልጆችን ጭምር «አንተ መንተባተብ ጀምረሃል፤ ተጠንቅቀህ ተናገር» ይሏቸው ነበር። ልጆቹ ተንተባታቢ ሆነው ባይቀሩም ከመናገር ተሸማቀቁ፤ ትምህርታቸውም ተጎዳ። ጉዳዩ በ2001 በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠየቀ። እኛም ብንሆን በቤታችን ያለ ላቦራቶሪ ይህን ስናደርግ እንገኛለን፤ «ተብታባ»፣ «ኮልታፋ» የሚለው ቅጽል ከልጁ ስም ቀጥሎ ስንት ዘመን ይኖራል! «ቀስ በል፣ ተንፍስ» ማለትም ለእኛ ምክር ቢመስለንም ለልጁ «ስትናገር ችግር አለብህ» የሚል መልእክት ነው። ቃሉን አትጨርሱለት። ዓይኑን እያያችሁ ጠብቁት፤ እናንተው ራሳችሁ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ወይም ልጁ ራሱ ማፈር ከጀመረ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። አስተማሪዎችም፣ ጥቅሱን በጉባኤ ፊት ብቻውን ከማስቆም ከሌላ ልጅ ጋር በኅብረት እንዲለው ብታደርጉት ብዙ ጊዜ ሳይንተባተብ ይለዋል።

የታመመ ስንጠይቅ

ስፒች ቴራፒ የልጆች ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በሆስፒታል ያሉት ባለሙያዎች ግን አብዛኛው ሥራቸው ከአዋቂዎች ጋር ነው፤ በተለይ ስትሮክ ከመታቸው ጋር። በ1861 በፓሪስ ፖል ብሮካ የሚባል ሐኪም ከ«ታን» በቀር ሌላ መናገር ያልቻለ አንድ ሕመምተኛ ከሞተ በኋላ አንጎሉን ሲመረምር፣ በግራ በኩል በፊተኛው ክፍል ጉዳት አገኘ። በ1874 ደግሞ ካርል ቨርኒከ እየተናገሩ የሰው ንግግር የማይገባቸውን ሕመምተኞች ገለጸ። በእንዲህ ያለ ጉዳት ቋንቋን ማጣት አፌዥያ ይባላል። አፌዥያ የያዛቸው እናት አእምሯቸውን አላጡም፤ ልጆቻቸውን ያውቃሉ፣ ይታዘባሉ፣ ያዝናሉ። ጠፍቶባቸው ያለው ቃሉ ነው። ስለዚህ አትጩኹባቸው፤ ይሰማሉ። «አዎን» ወይም «አይደለም» በሚያሰኝ ጥያቄ ጠይቋቸው፤ ጊዜ ስጧቸው። የራሳቸውን ስም መናገር ያቃታቸው ሰው የለመዱትን መዝሙር ከነቃሉ ሲዘምሩ ብታዩ አትደነቁ፤ ዜማ በአንጎል ውስጥ ሌላም መንገድ አለው፤ በዚሁ ላይ የተመሠረተ የሕክምና ዘዴም አለ። ዘመሩ ማለት ግን ንግግራቸው ተመለሰ ማለት አይደለምና «ይችላሉ እኮ፣ አልፈልግ ብለው ነው» አትበሉ።

አሁን ለምን ይህን ጽሑፍ እንደ ጻፍሁ ልንገራችሁ። የንግግር ባለሙያው መዋጥንም ይመረምራል። ስትሮክ ጉሮሮን ሲያደክም ምግብና ውኃ በምግብ ቧንቧ በመሄድ ፈንታ ወደ ሳንባ ይገባል፤ የሳንባ ምች ያመጣል፤ ሊገድልም ይችላል። አንዳንዱ ሕመምተኛ ትን ሲለው እንኳ አያስለውም፤ በዝምታ ይገባል። ስለዚህ ባለሙያዋ ትመረምራለች፤ አስፈላጊ ሲሆን ሲውጡ የሚያሳይ የራጅ ቪዲዮ ታስነሣለች፤ «በአፍ ምንም አይሰጥ» ወይም «ውኃው ይወፍር» ብላ ታዝዛለች። ቀጭን ስለሆነና ቶሎ ስለሚወርድ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚያስቸግረው ተራው ውኃ ነው። ታዲያ እኛ እንደ ባህላችን ተሰብስበን እንሄዳለን፤ ሾርባና አጥሚት በፔርሙስ ይዘን። «በረኀብ ሊገድሏት ነው» እንላለን። ነርሷ ስትወጣ «አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ጉሮሮዋን ታርጥብበት» እንላለን። ወገኖች ሆይ፣ ያቺ ከፍቅር የወጣች አንድ ማንኪያ ሰው ትገድላለች። የሆስፒታሉ ትእዛዝ ካልገባችሁ ባለሙያዋን አስጠርታችሁ ጠይቁ፤ ማብራራት ሥራዋ ነው።

ለመዘምራንና ለሳውንድ ክፍል

ስለ ድምፅ ባጭሩ። ከአራት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን በማርና በዝንጅብል ብቻ አይታለፍም፤ የአንገት በላይ ሐኪም የድምፅ አውታሩን ሊያየው ይገባል። የሰባኪያንና የዘማሪያን ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በአጠቃቀሙ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚረዳው የስፒች ባለሙያው ነው።

ስለ ድምፅ ማጉያው ደግሞ በግልጽ ልናገር። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ደኅንነት ተመራማሪዎች ልክ 85 ዴሲቤል ያለበት ቦታ ለስምንት ሰዓት ይፈቀዳል፤ ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ነው። የአምልኮ ጊዜያችን ስንት ሰዓት ነው? በስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አውርዳችሁ፣ በሚመጣው እሑድ ከማጉያው አጠገብ ሕፃን ያቀፉ እናት የተቀመጡበት ወንበር ላይ ለኩት። ከአምልኮ በኋላ ጆሯችሁ ውስጥ ጭው የሚል ከሆነ ጆሯችሁ እየነገራችሁ ነው። በውስጥ ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።

ሙያውን መማር ለምትፈልጉ

ወጣቶቻችን ነርስነትንና ፋርማሲን ያውቃሉ፤ ይህ ግን ብዙም አይታያቸውም። በአሜሪካ የንግግር ባለሙያ ለመሆን የማስተርስ ዲግሪ፣ 400 ሰዓት በአስተማሪ ክትትል የሚሠራ ልምምድ፣ ብሔራዊ ፈተና፣ ከዚያም ወደ ዘጠኝ ወር የሚሆን ክትትል ያለበት ሥራ ለአሻ የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ለኦዲዮሎጂ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት የሚወስድ ኤዩዲ የሚባል የዶክትሬት ትምህርት ያስፈልጋል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ከ2023 እስከ 2033 የንግግር ባለሙያዎች ሥራ በ18 በመቶ ያድጋል ብሎ ገምቷል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ባለሙያ ግን በየከተማው ተፈልጎ አይገኝም። በኢትዮጵያ ሙያው ገና ለጋ ነው፤ ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ቀዶ ሕክምናውን አግኝቶ፣ ንግግሩን የሚያስተካክልለት ሰው ሳያገኝ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለምርመራ ቀጠሮ የያዛችሁ ወላጆች ካላችሁ፣ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ልጁ የሚናገረውን ሁሉ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እንዳለው ጻፉት፤ ሲጫወት በስልክ ቅዱት። ስንት ጊዜ ጆሮው እንደ ታመመ፣ ምን መድኃኒት እንደ ወሰደ፣ በቤተሰብ ውስጥ ዘግይቶ የተናገረ ወይም ጆሮው የማይሰማ ካለ ሳታፍሩ ተናገሩ። ገና ስትገቡም የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ «ጆሮው መቼ ነው የሚመረመረው?»